ሰዓት የማይለካው ውድድር

አሰላ ከተማ ውስጥ አንድ አባት «ልጄ ለውድድር ልትቀርብ ነው» ብሎ ሲናገር፣ የሰሚው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «በስንት ሜትር?» ይለዋል። ይህም ሊያስደንቅ አይገባም። ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት በዚህ ደጋ፣ ውድድር ማለት ሩጫ ማለት ሆኖ ኖሯል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚሁ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ትገኛለች። የአሰላ ሰው እንግዲህ ውድድር ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያሻውም። መስመር ይሰመራል፤ ሽጉጥ ይተኮሳል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው፣ አንዲት ሴኮንድ ከመቶ ተከፍላ ከመቶው በ9ኙ ብቻ ነበር። ዐይን ሊለየው የሚያዳግተውን ሰዓቱ ለየው፤ ከሰዓት ጋር የሚሟገት የለምና ነገሩ በዚያው አለቀ።

የዚሁ ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ የቅርብ ዘመዳችን፣ የእህል ነጋዴ ነው፣ ባለፈው ኅዳር ወር መግቢያ ላይ ይኸው ጥያቄ ቀረበለት። «በስንት ሜትር?» አሉት። «በጭፈራ» ብሎ መለሰ። ጠያቂው ሳቀ፤ ዘመዳችንም አብሮ ሳቀ፤ ነገር ግን ሳቁ ከልቡ እንዳልነበረ ኋላ አጫውቶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጁ ለትምህርት ቤቷ የጭፈራ ቡድን ተመረጠች። በመጀመሪያ የሰማው ከልጅቱ ሳይሆን ከቤት ወጪ ዝርዝር ላይ ነበር፤ «የባህል ልብስ፣ ሦስት ዓይነት» የሚል ተጽፎ አገኘ። ቀጥሎም ልምምዱ እስከ ማታ መቆየት ጀመረ። ከዚያም ልጅቱ በሌሊት እንኳ አንገቷን እየነቀነቀች በመስተዋት ፊት መቆም ያዘች። አባቷ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ቢያልፈውም፣ የውድድሩ ቀን በደረሰ ጊዜ ግን እኛን አስጠራንና፣ «እናንተ የተማራችሁት እንግዲህ ነገሩን አስረዱኝ። ጭፈራ በምን ይሸነፋል? በምንስ ይረታል?» አለን። እኛም ጋሼን ለማስረዳት እንደምንችል ሆነን አብረን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ግን የምናውቀው ከእርሱ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

ውድድሩ የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ሰባት ቡድኖች ቀርበዋል። የመውጫው ተራ በዕጣ ተለየ። ሦስት ዳኞች የአበባ ጥልፍ ያለበት ልብስ በለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው እርሳስና የነጥብ ወረቀት ይዘዋል። ለአንድ ቡድን የተፈቀደለት ጊዜ አምስት ደቂቃ ነበር። በዚህች አምስት ደቂቃ ውስጥ ስምንት ልጆች ከጎጃም እስክስታ ተነሥተው፣ በጉራጌና በወላይታ አልፈው፣ በአርሲው ጭፈራ መጨረስ አለባቸው። ዘፈኑም ከየቦታው ተቆርጦ የተቀጠለ ስለሆነ፣ አንዱ ዜማ ሳይበርድ ሌላው ይጀምራል። ልብስ ለመቀየር ጊዜ የለም፤ በላይ የታጠቁትን እየፈቱ የውስጡን ያሳያሉ። ዘመዳችን ይህን ባየ ጊዜ የሦስቱ ልብስ ዋጋ ለምን እንደሆነ ገባው።

ከእኛ ጋር አንዲት የሰፈሩ አሮጊት መጥተው ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ «አኮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ልጅቱ የአርሲውን ጭፈራ የተማረችው ከእርሳቸው ነው፤ የአንገቱን አጣጣልና የፀጉሩን አበታተን በልጅነቷ ከግቢያቸው ስታይ አድጋለች። አኮ ግቢውን ቃኙ፤ ድምፅ ማጉያውን አዩ፤ በሰልፍ የቆሙትን ልጆች አዩ፤ ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ሙሽራዋ የታለች?» ሲሉ ጠየቁ።

በዚያን ሰዓት ስቀን አለፍነው። ኋላ ስናስበው ግን ከዚያ ቀን ንግግር ሁሉ ወደ ነገሩ ሥር የገባው የእርሳቸው ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። በእርሳቸው ዘመን ጭፈራ ያለ ምክንያት አይደረግም ነበርና ነው። ሠርግ አለ፤ በዓል አለ፤ የአርሲ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ዝናብ ሲታጣ ወይም ለወላድ ምሕረት ሲለመን ወደ ዋቃ የሚያዜሙት አቴቴ አለ። በዚያ ሁሉ ውስጥ አውጪና ተቀባይ እንጂ ጨፋሪና ተመልካች የሚባል ክፍፍል አልነበረም። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የሚችል ወደ መካከል ይገባል፤ የማይችል ያጨበጭባል፤ ማንም አምስተኛ አይወጣም። በመድረክ ላይ ግን ክቡ ተከፍቶ መስመር ይሆናል፤ ልጆቹም ጀርባቸውን ለጓደኞቻቸው፣ ፊታቸውን ለጠረጴዛው ይሰጣሉ። ከክብ ወደ መስመር መዞር ቀላል ነገር መስሎ ይታያል፤ ጭፈራውን ከሥሩ የሚለውጠው ግን እርሱ ነው።

ይህ ለውጥ የትናንት አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር የየአውራጃውን ዘፈንና ጭፈራ ወደ አዲስ አበባ መድረክ ካመጡት ግንባር ቀደሙ ነው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ተከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሀገሩን ሙዚቃ መሣሪያዎች ከየቦታው አሰባስቦ ባንድነት አሰለፈ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኪነት ቡድን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም፣ ጭፈራ ከታች ወደ ላይ እየተጣራ የሚያልፍ ውድድር ሆነ፤ በኋላ ስማቸው የገነነ ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ከዚያ ወጥተዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያን አይድል በቴሌቪዥን ሲቀርብ ዳኛው ፊት ለፊት የሚናገርበትን ሥርዓት ወደየሳሎናችን አስገባ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆኖ ሲከበር፣ በየትምህርት ቤቱ የጭፈራ ቡድን ማዘጋጀት እንደ አንድ መደበኛ ሥራ ተቆጠረ። የዘመዳችን ልጅ የተሰለፈችው እንግዲህ በዚህ ረጅም ሰልፍ ጫፍ ላይ ነው።

ወደ ግቢው እንመለስ። የልጅቱ ቡድን አራተኛ ወጣ። እስክስታው ደህና ሄደ። የጉራጌው ፈጣን እግር ጭብጨባ አስነሣ። ወላይታው ላይ ጥቂት ተደነቃቀፉ። በአርሲው ጊዜ ግን ልጅቱ ከስምንቱ መካከል ተለይታ ታየች፤ አንገቷ እንደ ሸምበቆ ነበር። ዘመዳችን መቀመጥ አልቻለም። ከወንበሩ ተነሥቶ ስሟን እየጠራ፣ «በርቺ! በርቺ!» እያለ፣ በሩጫ ሜዳ የመጨረሻ ዙር ሲደወል እንደሚደረገው ሁሉ ጮኸ። አኮም እልል አሉ። እኛም፣ ለምን እንዋሻለን፣ ጮኸናል።

ውጤቱ ሲነበብ ቡድኑ ከሰባት አምስተኛ ሆነ።

ዘመዳችን የተናገረውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይገባም። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፤ «በስንት ተቀደመች?» ብሎ ጠየቀ። የሯጭ ሀገር ሰው ነውና ሽንፈትን ያለ ቁጥር ሊቀበል አልቻለም። በሩጫ ቢሆን በሴኮንድ ይነግሩታል፤ ልጁም በሚቀጥለው ሳምንት ያችን ሴኮንድ ታሳድዳለች። እዚህ ግን የደረጃው ቁጥር ብቻ ተነበበና የነጥብ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ገቡ። «ለምን?» ለሚል ሰው መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። በዚያ ምሽት ዘመዳችን ልጁን ከቡድኑ ሊያስወጣት ቈርጦ ነበር። «ነገ ሩጫ ትጀምራለች፤ ቢያንስ ሰዓት አይዋሽም» አለ። ልጅቱ እራቷን ሳትበላ ተኛች።

በማግሥቱ ከሦስቱ ዳኞች አንዱን፣ ወጣት መምህር ነው፣ በሻይ ቤት አገኘነውና ስለ አሠራሩ ጠየቅነው። ሰውየው አልሸሸገንም። ወረቀቱ አምስት ነጥብ የሚሰጥባቸው ነገሮች ነበሩት፤ አለባበስ፣ ከምቱ ጋር መሄድ፣ የቡድኑ ኅብር፣ የመድረክ አጠቃቀምና ጭፈራው ለመጣበት ሕዝብ ባህል ያለው ታማኝነት። ሦስቱም ዳኞች ለየብቻቸው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ይደመራል። «ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ከግቢው ሁሉ እርሷን የሚስተካከል አልነበረም» አለን። «ነገር ግን እኛ የምንዳኘው ስምንቱን ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሰባቱ ወደ ቀኝ ሲዞሩ እርሷ ወደ ሕዝቡ ዞራ ቀረች። ሦስታችንም በኅብር ቀነስን።»

ይህን ይዘን ወደ ዘመዳችን ቤት ሄድን። ልጅቱ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። መምህሩ ያለውን ስንነግራቸው ዝም ብላ ቈየችና፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «አባዬ፣ ስሜን ስትጠራኝ ጊዜ ዞር አልኩ» አለች።

አባትዬው ምንም አልመለሰም። ቡናው ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ማንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በሩጫ ሜዳ የአባት ጩኸት ጉልበት ነው፤ ሯጩ ይሰማዋል፤ እግሩም ይጨምራል። በጭፈራ ግን ልጁ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ መሆን አለበት፤ ከበሮው ነው። ሌላ ድምፅ ሲጨመርበት፣ ያውም የአባት ድምፅ ሲሆን፣ ልጁ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገደዳል። ዘመዳችን ከስምንቱ መካከል ያየው አንዷን ነበር፤ ዳኛው ያየው ስምንቱን ነበር። ሁለቱም የየድርሻቸውን በትክክል አይተዋል። አዲስ የጨፋሪ ወላጅ የሚሳሳተው ስለማያውቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሩጫን አብዝቶ ስለሚያውቅም ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በአባት ላይ ጥለን ለመሄድ አልቻልንም። ያንን የመምህሩን ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመስማት ሻይ ቤት ለሻይ ቤት መፈለግ ለምን አስፈለገ?

ጭፈራን መዳኘት በሰለጠነው ዓለም ሁሉ ያስቸገረ ነገር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በእንግሊዝ አገር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥንድ ሆነው በአዳራሽ ለሚደንሱ ተወዳዳሪዎች የወጣው የዳኝነት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በመጨረሻው ዙር ዳኞቹ፣ ቁጥራቸው ጎደሎ ሆኖ፣ ነጥብ አይሰጡም፤ ጥንዶቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ በየግላቸው ይደረድራሉ። ከአምስት ዳኞች ሦስቱ አንደኛ ያሉት ጥንድ አንደኛ ይሆናል። በዚህ አኳኋን አንድ ዳኛ ብቻውን ቢያዳላ ወይም ቢሳሳት ውጤቱን ሊገለብጥ አይችልም። የየዳኛው ድርድርም በይፋ ስለሚወጣ ተወዳዳሪው ማን ምን እንዳለው ያውቃል። ነጥብ ብቻ በሚደመርበት ግን፣ አንዱ ዳኛ ለአንዱ ቡድን ዐሥራ ዘጠኝ፣ ለሌላው ስምንት ቢሰጥ፣ የሁለቱ ዳኞች ድምፅ ተውጦ ይቀራል።

በ2002 እ.ኤ.አ. በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፣ በበረዶ ላይ ጥንድ ሆነው በሚንሸራተቱት ውድድር ወርቁ ለሩሲያውያን ተሰጠ፤ በኋላ አንዲት ፈረንሳዊት ዳኛ ተጽዕኖ ተደርጎባት እንደነበረ የሚገልጽ ክርክር ስለ ተነሣ፣ ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ እንዲሰጥ ተደረገ። የዓለሙ ማኅበር ከዚህ ውርደት የተነሣ ከ2004 ጀምሮ የቀድሞውን የስድስት ነጥብ አሠራር ትቶ፣ እያንዳንዱን ዝላይና እያንዳንዱን ዙር ለየብቻ ዋጋ ወደሚሰጥ አሠራር ተሸጋገረ።

ቅርቡን እንኳ ብናይ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ብሬኪንግ የሚባለው የጎዳና ዳንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ዘጠኝ ዳኞች ነበሩ። አምስት መለኪያዎች ነበሩ፤ ስልት፣ የእንቅስቃሴው ብዛትና ልዩ ልዩነት፣ አፈጻጸም፣ ከሙዚቃው ጋር መስማማትና አዲስ ነገር መፍጠር፤ ለአምስቱም የተሰጠው ክብደት እኩል ነበር። ከሴቶች ጃፓናዊቷ አሚ፣ ከወንዶች ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ አሸነፉ። ሬይጋን በሚል ስም የምትታወቀው የአውስትራሊያ ተወዳዳሪ ደግሞ ሦስት ጊዜ ቀርባ ሦስት ጊዜ ስትረታ ከዳኞቹ አንድም ድምፅ አላገኘችም። ዓለም ሳቀባት። ይሁንና በአንድ ነገር ከዘመዳችን ልጅ ትሻላለች እንላለን፤ በእያንዳንዱ ዙር ዳኞቹ እንዴት እንደ ሰጡ በዚያው ቦታ፣ በሰው ሁሉ ፊት ታይቷል። የሽንፈቷን መጠን ታውቀዋለች። የእኛዪቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን «አምስተኛ» የምትል አንዲት ቃል ይዛ ነው ወደ ቤቷ የተመለሰችው።

ይህን የምናነሣው ስለ ወላጆች ብቻ አይደለም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎችና ገና ሥራ የጀመሩ ሹማምንት መሆናቸውን እናውቃለን። ዛሬ ወይም ነገ በአንድ ወረዳ ወይም ትምህርት ቤት፣ «የተማረ ሰው ነህና ዳኛ ሁንልን» ተብላችሁ ያ የአበባ ጥልፍ ጠረጴዛ ይጠብቃችኋል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ቀን በፊት ነው። አለባበስ ሃያ፣ ኅብር ሃያ የሚል ወረቀት ይሰጣችኋል። «ባህሉን መጠበቅ» ከሚለው መስመር ስትደርሱ ምን ትጽፋላችሁ? በትከሻ እስክስታ ያደገ ሰው የአርሲውን አንገት በምን ይመዝነዋል? መምህሩ ራሱ፣ «በዚያ መስመር ላይ ለሁሉም ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ሰጥቼ አለፍኩ» ብሎናል። ቅንነቱን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን አኮ ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ሳለ ነው ይህ የሆነው። አንድ የቆሎ ስኒ ያህል ጊዜ ወስዶ ቢጠይቃቸው ኖሮ፣ ከሰባቱ ቡድኖች በአርሲው ጨዋታ ላይ አራቱ ቋንቋውን እንደማይናገር ሰው ያደረጉት መሆኑን ይነግሩት ነበር። ለእኛ ነግረውናል።

ማንበብ የሚወድም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀርም። ሐንጋሪያዊው ቲቦር ቫዳሲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ጭፈራ ተከታታይ ጽሑፎችን በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቢሆኑም፣ በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሚውል ተማሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊሰጣቸው ይችላል። የውጭ ሰው እግርና ትከሻችንን ቈጥሮ ሲጽፍ፣ እኛ በዚያ ላይ ነጥብ ለመስጠት የተጠራን ሰዎች ሳናነበው መቅረታችን ጥቂት ያሳፍራል።

በበኩላችን የምንጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። መለኪያው ከውድድሩ በፊት ለአሠልጣኙም ለወላጁም ይነገር፤ ከውድድሩ በኋላም የነጥቡ ወረቀት ግልባጭ ለየቡድኑ ይሰጥ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ወጪው ከልብሱ አዝራር አይበልጥም። ዳኛውም ስሙና ፊርማው ካለበት ወረቀት ጋር ሲኖር እርሳሱን በጥንቃቄ ይይዛል።

ዘመዳችንን በጥር ወር በሌላ ጉዳይ ወደ አሰላ በሄድን ጊዜ አገኘነው። ልጅቱን ከቡድኑ አላስወጣትም። ይባስ ብሎ፣ ስምንቱ ልጆች የሚለማመዱበት ክፍል በመታጣቱ፣ ከመጋዘኑ የኋላ ክፍል የገብሱን ጆንያ ወደ ዳር አስጠግቶ ቦታ ሰጥቷቸዋል። አኮ በአንድ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸው የሚሳሳተውን በበትራቸው እየጠቆሙ ያርማሉ። ወንዶቹን ከሴቶቹ ይልቅ ይቈጧቸዋል። ክብ ሠርተው እንዲጀምሩና በመጨረሻ ብቻ ወደ መስመር እንዲዘረጉ ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ አሠልጣኙም ተስማምቷል።

ዘመዳችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዜማው ወደ አርሲው ሲዞር ቀኝ እጁን አንሥቶ አፉን ያዘ። እኛም ዝም አልን። ሲጨርሱ ዘወር ብሎ፣ «ያቺ ከዳር ያለችው የኮረብታዋ ሰፈር ልጅ ናት፤ ግራ እግሯ ይዘገያል» አለን። ቀጥሎም የስምንቱን ስም፣ ከነአባታቸው፣ አንድ በአንድ ጠራልን።